ወንድማችንን ከውሃ ያወጣው ማን ነው?

የ41 ዓመት ሴት የላከችልን ደብዳቤ ነው፤ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ትንሹ ወንድማችን ወንዝ ውስጥ ገባ። ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ዘልዬ ገብቼ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ይዤ ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር፤ ብርዱ ዛሬም ይሰማኛል። ቀይ ቀሚሴን ለብሼ፣ እሱን አቅፌ ከውሃው ስወጣ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ባለፈው ዓመት በዚያው በወንድማችን ሠርግ ላይ ታላቅ እህቴ ማይክራፎን ይዛ ተነሣችና ያንኑ ታሪክ፣ ያንኑ ኮሌታ፣ ያንኑ ብርድ የራሷ አድርጋ ተናገረችው። ‹እሷማ ዳር ቆማ ታለቅስ ነበር› አለች እኔን። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንነጋገርም። እናታችን በሕይወት ሳለች ‹ሁለታችሁም ውሃ እያንጠባጠባችሁ ነው የመጣችሁት› ትል ነበር፤ ከዚህ ሌላ ምስክር የለም። አንጎል ትዝታን የት ነው የሚያስቀምጠው? በማሽን ወይም በሂፕኖሲስ (ሰውን በንግግር አፍዝዞ በመጠየቅ) ማጣራት ይቻላል? እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ያህል ጠርቶ የሚታየኝ ነገር ሐሰት ከሆነ፣ የሚያየው ‹እኔ› ማን ነው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ያዥልኝ፤ አንቺም አልዋሸሽም፣ እህትሽም አልዋሸችም። እንዲህ የምለው ለሽምግልና እንዲመቸኝ ብዬ አይደለም። አንድን ትዝታ ሁለት ሰዎች «የእኔ ነው» ብለው መጣላታቸው በሥነ ልቦና የተጠና ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሺን፣ ኬምፕ እና ሩቢን የተባሉ ተመራማሪዎች መንትዮችን ስለ ትዝታቸው ሲጠይቁ፣ ያንኑ አንድ ገጠመኝ ሁለቱም በየራሳቸው ላይ እንደደረሰ አድርገው የሚናገሩ ብዙ ሆነው አገኟቸው። መንታ ባልሆኑ እህትና ወንድሞች፣ በጓደኛሞችም መካከል ይኸው ታየ። ኋላ ደግሞ ይዘቱን ሲመረምሩ፣ የሚያሳፍር ጥፋት ከሆነ ሰው ለሌላው እንደሚተወው፣ የሚያስመሰግን ወይም የሚያሳዝን ነገር ከሆነ ግን ለራሱ እንደሚያስቀር አስተዋሉ። (ወንድማችሁን ውሃ ዳር ጥሎት የሄደው ማን ነው ቢባል፣ ማይክራፎኑን የሚሻማ የሚኖር አይመስለኝም።)

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ትዝታ የት ነው የሚቀመጠው ለሚለው መልስ ከሰጡን ሰዎች ዋነኛው ሐኪም አይደለም፣ ታማሚ ነው። ሄንሪ ሞሌሰን ይባላል። ከባድ የሚጥል በሽታ ስለነበረበት እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዊሊያም ስኮቪል የተባለ ቀዶ ሐኪም ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍልና በዙሪያው ያለውን ከግራም ከቀኝም ቆርጦ አወጣለት። በሽታው ቀነሰለት። ግን ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አልያዝ አለው። ሲያወራው የነበረ ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል። የልጅነቱን ነገር ደግሞ ያስታውሳል። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽን መስመር በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። ሞክሪው፣ እጅ ወደ ፊት ሲባል ወደ ኋላ ይሄዳል። ለሦስት ቀን አሠራችው፤ እጁ በየቀኑ እየተካነ ሄደ። እሱ ግን በሦስተኛውም ቀን ይህን ነገር ከዚህ በፊት መሥራቱን አያውቅም ነበር።

እጁ የሚያውቀውን እሱ አያውቀውም ማለት ነው። ትዝታ አንድ ነገር እንዳልሆነ፣ በአንድ ጓዳም እንደማይከማች የታወቀው በዚህ ሰው ነው። ብስክሌት መንዳት በአንድ መንገድ ይያዛል፣ «የዚያን ቀን እዚያ ነበርኩ» የሚለው ደግሞ በሌላ። ይህ ሁለተኛው እንዲፈጠር ሂፖካምፐስ የግድ ያስፈልጋል። ይሁንና ሂፖካምፐስ ራሱ የወንዙን ሥዕል ይዞ አይቀመጥም። ቀለሙና ቅርጹ ከአንጎልሽ የኋላ ክፍል፣ ድምፁ ከጎን፣ ድንጋጤው አሚግዳላ ከሚባለው ከሌላ ክፍል ይመጣሉ፤ የሂፖካምፐስ ሥራ «እነዚህ አብረው ነበሩ» ብሎ ማያያዝ ነው። ማያያዣው ምንድን ነው ካልሽ፣ በነርቭ ሴሎች መገናኛ፣ ማለትም በሲናፕስ ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው። 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴል አለሽ፤ ተደጋግመው አብረው የሚነሡት መገናኛቸው ይጠነክራል። ብሊስ እና ሎሞ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1973 በጥንቸል ሂፖካምፐስ ላይ አሳዩ፤ ኤሪክ ካንደል ደግሞ በባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ሞለኪውል ድረስ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2000 ኖቤል ተካፈለ።

ስለዚህ ያ ወንዝ አንጎልሽ ውስጥ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይጠብቅሽም። ባስታወስሽው ቁጥር ከየቦታው ተለቃቅሞ እንደ አዲስ ይሠራል። ሲሠራ ደግሞ የጎደለው ይሞላል፤ ከሰማሽው፣ ካየሽው ፎቶ፣ «እንዲህ መሆን አለበት» ከምትይው። መሙላቱ አይታወቅሽም። ተሞልቶ የመጣውም የነበረውም እኩል ያበራሉ።

የማብራት ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ለአንቺ ከሁሉ የሚጠቅምሽ የሚመስለኝን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ሰባት ጠፈርተኞችን እንደያዘች ሰማይ ላይ ተበታተነች። በማግስቱ ናይሰር እና ሃርሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ወረቀት አስይዘው፣ ዜናውን ስትሰሙ የት ነበራችሁ፣ ከማን ሰማችሁ፣ ምን እያደረጋችሁ ነበር ብለው አስጻፏቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቆይተው ከእነዚያ ተማሪዎች 44ቱን እንደገና ጠየቁ። 11ዱ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች በሙሉ ሳቱ፤ ቦታውንም፣ ሰውየውንም፣ ሥራውንም። ሌሎችም ብዙ የሳቱት ነገር ነበር። የሚገርመው ግን መሳሳታቸው አይደለም፤ እርግጠኛ ሆነው መሳሳታቸው ነው። በራሳቸው እጅ የጻፉት ወረቀት ሲቀርብላቸው እንኳ የመጀመሪያው ትዝታ ተመልሶ አልመጣላቸውም።

የእናንተ ታሪክ 34 ዓመት ሆኖታል። ለስንት እንግዳ፣ ለስንት ልጅ ተተርኳል! ደግሞ አንድን ትዝታ ማንሣት ራሱ ትዝታውን ለጊዜው ያላላዋል። ናደር፣ ሻፌ እና ለዱ እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጦች ላይ ያሳዩት ይህንኑ ነው። አንድ ድምፅ ሲሰሙ እንዲፈሩ የተማሩ አይጦች ፍርሃቱ ጸንቶባቸው ሳለ ድምፁን እንደገና አሰሟቸውና ወዲያው አሚግዳላቸው ውስጥ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መድኃኒት ጨመሩ። ፍርሃቱ በእጅጉ ቀነሰ። መድኃኒቱን አግኝተው ድምፁን ያልሰሙት ግን እንደፈሩ ቀሩ። ማለትም ያልተነሣው ትዝታ አልተነካም፤ የተነሣው ግን እንደገና መጽናት ያስፈልገው ነበር። ከአይጥ ወደ ሰው በአንድ እርምጃ መዝለል ጥሩ አይደለም፤ ቢሆንም «ደጋግሜ ስለተናገርኩት አልረሳውም» የሚል ክርክር ለእውነትነቱ ማስረጃ እንደማይሆን ለማሳየት ይህ ይበቃል። እህትሽም ደጋግማ ተናግራዋለች።

አሁን ከደብዳቤሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ላውጣ። «ቀይ ቀሚሴን ለብሼ፣ እሱን አቅፌ ከውሃው ስወጣ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል» ብለሻል። ከየት ሆነሽ ነው የምታይው? የሰባት ዓመቷ አንቺ ከውሃው ስትወጣ ዓይኗ ላይ የነበረው የሕፃኑ ራስ፣ ድንጋዩ፣ ጭቃው ነው። ቀይ ቀሚስ የለበሰችን ልጅ ሕፃን አቅፋ ስትወጣ ለማየት ዳር መቆም ያስፈልጋል። ይህን ሳነብ፣ እህትሽ «ዳር ቆማ ነበር» ያለችው ትዝ አለኝ።

አትደንግጪ፤ ይህ ፍርድ አይደለም። ኒግሮ እና ናይሰር እ.ኤ.አ. በ1983 እንደጻፉት ሰው የራሱን ትዝታ አንዳንዴ በራሱ ዓይን፣ አንዳንዴ ደግሞ ራሱን ከውጭ እያየ ያስታውሳል፤ ጊዜው እየራቀ ሲሄድ ከውጭ ማየቱ ይበዛል። በእርግጥ የደረሰብን ነገርም እንዲህ ሆኖ ሊታየን ይችላል። ግን ያ ሥዕል፣ ቢያንስ እንደዚያ ሆኖ፣ በዚያ ቀን በዓይንሽ የገባ እንዳልሆነ መቀበል አለብሽ። በኋላ የተሠራ ነው። ማን ሠራው፣ ከምን ሠራው የሚለው ነው ቀሪው። ለምሳሌ ቀዩ ቀሚስ ያኔ የማን ነበር? የታላቅ ልብስ ለታናሽ ይተላለፋል፤ ያን ጊዜ እህትሽ ትለብሰው ኖሮ በኋላ አንቺ ጋ የመጣ ቢሆንስ? በፎቶ ላይ ለብሰሽው የሚታይ ነገር አለ? ፎቶ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2002 ዌድ፣ ጋሪ፣ ሪድ እና ሊንድሴይ ለ20 ሰዎች በልጅነታቸው በሙቅ አየር ባሉን ሲበሩ የሚያሳይ ፎቶ አቀረቡላቸው። ፎቶው ተቀናብሮ የተሠራ ነው፣ በባሉን በርረው አያውቁም። ደጋግመው ሲጠየቁ ግማሾቹ በረራውን በመጠኑም ሆነ በሙሉ «አስታወሱ»።

ይህን ሁሉ ብልሽም የእህትሽም ትዝታ በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። «ያንኑ ኮሌታ፣ ያንኑ ብርድ» ብለሻል። ሁለት ሰው አንድን ነገር በሁለት በኩል ቢያየው ዝርዝሩ ይለያያል እንጂ እንዲህ ቃል በቃል አይገጥምም። የገጠመው አንዳችሁ ከሌላችሁ ስለሰማችሁት ይመስለኛል፤ ማን ከማን እንደወሰደ ግን ከመመሳሰሉ ብቻ አይለይም። ወንድማችሁ በዚህ አይረዳችሁም። በአብዛኛው ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሆነበትን አያስታውስም። አስታውሳለሁ ቢልሽ ከእናንተ የሰማው ነው።

ማሽኑንና ሂፕኖሲስን በአጭሩ እንለፈው። የአንጎልን ምስል የሚያነሣው ማሽን፣ ኤም አር አይ፣ ስታስታውሺ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ ያሳያል፤ የአንድ ሰው አንድ ትዝታ እውነት ይሁን ሐሰት ለይቶ የሚፈርድ ማሽን የለም። ውሸት ማጣሪያ የሚባለውም የሚለካው ላብና የልብ ምት ነው፤ አምናችሁ ለምትናገሩ ሁለት እህቶች ምን ሊያደርግ? ሂፕኖሲስ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። እርግጠኝነትን እንጂ ትክክለኛነትን አይጨምርም፤ በመሃሉ አዲስ ዝርዝር ሊተክልብሽ ይችላል። ገንዘብ ተቀብሎ «የተደበቀውን አወጣልሻለሁ» የሚልሽ ሰው ካለ አትሂጂ።

እንቅልፍ የነሣሽን ጥያቄ ለብቻው ነው ያስቀመጥኩት፤ እኔም የምወደው እሱን ነው። ትዝታዬ ሐሰት ከሆነ የሚያየው «እኔ» ማን ነው ብለሻል። ጥያቄው ውስጥ ሁለት ነገር ተጣብቋል፤ ማስታወስና መኖርን ማወቅ። ወደ ሞሌሰን ልመልስሽ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ እስከ እ.ኤ.አ. 2008፣ እስከ 82 ዓመቱ ኖሯል። በእነዚያ 55 ዓመታት የዋለበትን ቀን ማታ አያስታውስም። ግን ይቀልድ ነበር፣ ትሑት ነበር፣ መስቀለኛ ቃላት መሙላት ይወድ ነበር። ነገ የሚይዘው ነገር ባይኖረውም ዛሬ ውስጥ ግን ሙሉ ሰው ሆኖ ነበር። «እኔ» የሚባለው ነገር ትዝታ ሲሳሳት የሚፈርስ ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ቀድሞ በፈረሰ።

ንቃተ ህሊና፣ ማለትም ያ መኖርን ማወቅ፣ አንጎል ውስጥ ከምን ጋር እንደሚሄድ ደግሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከ86 ቢሊዮኑ የነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ ያሉት ከኋላ በታች ባለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬብለም ውስጥ ነው። እሱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይጎተታል፤ ግን ያያል፣ ይሰማል፣ ራሱን ያውቃል። ስለዚህ የሴል ብዛት አይደለም ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ኤድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ በመኪና አደጋ ምክንያት ለወራት ምንም ምላሽ የማትሰጥ አንዲት ወጣትን ኤም አር አይ ማሽን ውስጥ አስገብተው «ቴኒስ ስትጫወቺ አስቢ»፣ ቀጥሎም «ቤትሽ ውስጥ ስትዘዋወሪ አስቢ» አሏት። አንጎሏ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሁለቱን በሁለት የተለያየ መንገድ አሰበ። ጣቷን ማንቀሳቀስ ያልቻለችው ሴት ትሰማ ነበር።

ይህ ሁሉ «የት» ይላል እንጂ «ለምን» አይልም። የነርቭ ሴል ሲነሣ ለምን ብርድ ሆኖ ይሰማል? ዴቪድ ቻልመርስ የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1995 «ከባዱ ችግር» ብሎ የሰየመው ይህንን ነው። ክሪስቶፍ ኮክ የተባለው የነርቭ ሳይንቲስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ከእሱ ጋር ተወራርዶ ነበር፤ በ25 ዓመት ውስጥ ንቃተ ህሊና የሚፈጠርበት የአንጎል አሠራር በግልጽ ይታወቃል ብሎ። ቀኑ እ.ኤ.አ. በ2023 ደረሰና ኮክ መሸነፉን በአደባባይ አምኖ ለቻልመርስ ወይን ጠጅ ከፈለ። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ «አንጎል ንቃተ ህሊናን እንዲህ አድርጎ ይፈጥራል» ብሎ በአምስት ደቂቃ የሚጨርስልሽ ካጋጠመሽ፣ ወይኑን ለምን እንዳልወሰደ ጠይቂው።

ለአንቺ የሚበጅ አንድ ነገር ግን ከዚህ አለ። ብርዱ ዛሬ ይሰማሻል። እየተሰማሽ መሆኑ ሐሰት ሊሆን አይችልም፤ የሚሰማሽ አንቺ ነሽ፣ አሁን ነው። ሊሳሳት የሚችለው በላዩ ላይ የተለጠፈው አድራሻ ነው፤ የማን ብርድ ነበር፣ መቼ፣ የትኛው ውሃ ውስጥ። አድራሻ ተሳሳተ ማለት ተቀባይዋ የለችም ማለት አይደለም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? እህትሽን ከማነጋገርሽ በፊት የምታስታውሺውን ጻፊው። በየመስመሩ ጎን «ያየሁት»፣ «የነገሩኝ»፣ «በፎቶ ያየሁት» እያልሽ ምልክት አድርጊ። ያላወቅሽውን «አላውቅም» በይ፤ ብዙ ይሆናል። እሷም ፈቃደኛ ከሆነች ሳትነጋገሩ ለብቻዋ ትጻፍ። ኮሌታውን ተዉት፤ እሱ በመተረክ ብዛት ወዙ ያለቀ ነው። ማንም ጠይቋችሁ የማያውቀውን ጻፉ፤ ቤት እስክትደርሱ ማን ተሸከመው? እናታችሁ ስታያችሁ መጀመሪያ ማንን ነካች? ማን ተቆጣ? ማን ልብስ ቀየረለት? ያልተተረከ ዝርዝር ከተተረከው ያነሰ የተነካካ ነው። ይህም ቢሆን ላይለይላችሁ ይችላል።

እኔን ግምትሽን አካፍለኝ ካልሽኝ፣ በአንድ መስመር ያለፍሽው የእናትሽ ቃል ላይ እቆማለሁ። የእሷም ትዝታ ነው፣ የእሷም ይሳሳታል። ነገር ግን እናታችሁ ከሁለት አንዳችሁ ጀግና ብትሆኑ የምታተርፈው አልነበራትም፤ «ሁለታችሁም» ያለችው ደግሞ ለሁለታችሁም የማይመች መልስ ነው። የሰባት ዓመት ልጅና ታላቋ አንድ ሕፃን ሲሰምጥ አይተው ሁለቱም ገብተው ቢሆን ምን ይደንቃል? አንዷ ቀድማ ደርሳ፣ አንዷ ወገቧ ድረስ ገብታ ፈርታ ቆማ፣ ኋላ ተቀባብለውት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ሁለታችሁም በርዷችኋል።

ወንድማችሁን ግን ዳኛ አታድርጉት። የማያስታውሰውን ቀን «ማን ነው ያዳነህ?» ብሎ መጠየቅ «ማንን ትወዳለህ?» እንደማለት ነው።

አንድ የቀረ አለ። ደብዳቤሽን ሳነበው ከውሃው ይልቅ የሚያመው ሠርጉ ነው። ባለቤትነቱን እንኳ ብንተወው፣ ሰው በተሰበሰበበት «ዳር ቆማ ታለቅስ ነበር» ብላ ሰው አስቃብሻለች። ይህ የዛሬ 34 ዓመት የሆነ አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ነው፣ ምስክሩም አዳራሽ ሙሉ ነው። ትዝታዋ ትክክል ቢሆንም እንኳ ለዚህ ይቅርታ ልትጠይቅሽ ትችላለች፣ «ያወጣሁት እኔ አልነበርኩም» ሳትል። ስትደውዪላት ከወንዙ አትጀምሪ፤ ከዚህ ጀምሪ። ወንዙ ሲነሣ ደግሞ «እኔ ነኝ ያወጣሁት» ማለቱን ትተሽ «እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው፣ አንቺስ?» በያት። እሷም መጀመሪያ ላይ ልትቆጣ ትችላለች፤ ያን ቀን ብቻ ስልኩን ዝጊና በሌላ ቀን ደውዪ።